ጅምሩ ጋ ወራጅ አለ

ከአየር ጤና ወደ ቀራንዮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት «ጅምሩ ጋ ወራጅ አለ!» ብላ ስትጮህ የሰማሁበት ቀን አይረሳኝም። ረዳቱ «የት ነው እሱ?» አላላትም። ሾፌሩም አልጠየቀም። ታክሲው ዳር ይዞ ቆመ፣ ሴትዮዋ ወረደች፣ እኔም ወረድኩ። ሴትዮዋ የጠራችው ቦታ እኔ የሠራሁት ቤት ነው።

ጅምር አይደለም። አልቋል። ካለቀ ቆይቷል። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ የሚቆጥርልኝ ሰው ቢኖር ለራሱም ይሰለቸው ነበር። ለጎረቤት ተናግሬያለሁ፣ ለባለሱቁ ተናግሬያለሁ፣ ጫማዬን ለሚያድሰው ሰውዬ ጫማዬን አውልቄ በአንድ እግሬ ቆሜ ተናግሬያለሁ። ሁሉም ይሰሙኛል፤ ከዚያም ይሰነብቱና «ሥራው ቆመ እንዴ? ምን አጋጠማችሁ?» ይሉኛል።

አርክቴክት ነኝ። ቀራንዮ ተወልጄ፣ ቀራንዮ አድጌ፣ ዛሬም ከእናቴ ጋር በዚያው ግቢ እኖራለሁ። ቤቱ የእድራችን አዳራሽ ነው። ድሮ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተከለው መንገድ ላይ ነበር፤ ዝናብ ከላይ ይወርዳል፣ ጎርፍ ከሥር ይገባል፣ መኪና ከአንድ ወገን ጡሩንባ ይነፋል፣ ለቀስተኛው ከሌላው ወገን ያለቅሳል። እድሩ ከዓመታት ልፋት በኋላ ቦታ አገኘና ንድፉን እንድሠራለት እኔን ጠየቀ። የሠፈሬ ሥራ ስለሆነ እንደ ራሴ ቤት ተጨነቅሁበት። ግድግዳውን በእጅ በተጠረበ ጥቁር ድንጋይ አደረግሁት፤ ውስጡም ውጪውም ድንጋይ። የጣሪያውን እንጨት ሰው ቀና ብሎ እንዲያየው ገልጬ ተውኩት። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል መስታወት የገባለት ክፍተት ስላለ ብርሃኑ ከላይ ወደ ድንጋዩ ቀስ እያለ ይወርዳል። በሮቹ ሰፊዎች ናቸው፤ ሲከፈቱ ለቀስተኛ ሳይጋፋ ይገባል፣ ሳይጋፋ ይወጣል። እንዲያው ለራሴ ሥራ ስለማዳላ አይደለም፣ ቆንጆ ቤት ነው።

ቁልፉን ያስረከብኩ ቀን የእድሩ ሊቀመንበር ጨበጡኝ፣ መረቁኝ፣ ግድግዳውን ቀና ብለው አዩና፣ «በይ እንግዲህ፣ ለሳኞቹ መቼ ነው የሚመጡት?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሠፈራችን መናገር አለብኝ። በእኛ ሠፈር ያለቀ ቤት ማለት የተለሰነ፣ ቀለም የተቀባ፣ ኮርኒስ የገባለት፣ አቅም ካለም ፊቱ ላይ ሴራሚክ የተለጠፈበት ነው። ሰማያዊ መስታወት ከታከለበት ደግሞ ሰው ቆሞ ያየዋል። ያልተለሰነ ድንጋይ የአጥር ነው፤ አለዚያም አቅሙ መሐል ላይ ያለቀበት ሰው ቤት ነው። ስለዚህ የእኔ አዳራሽ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ፣ «ይህ እድር አቅም አጥቶ ተቀምጧል» እያለ ይናገር ነበር። እኔ ውበት ብዬ የተውኩትን ሰው ጉድለት ብሎ አነበበው። ለሊቀመንበሩ አስረዳኋቸው። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ሰው ሲናገር አያቋርጡም። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ እያልን እናስለስነዋለን» አሉኝ። እንዲህ ዓይነቱን ትዕግሥት አልችለውም። ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁሉ የባሰችብኝ ግን እናቴ ናት። እማዬ ለቅሶ የማይቀርባት ሴት ናት፤ አዳራሹ ውስጥ ከእኔ ይልቅ ብዙ የተቀመጠችው እሷ ናት። የእድሩ ሴቶች «ልጅሽ ምነው ሳትጨርሰው ጥላው ሄደች?» እያሉ ያሾፉባታል። ሰው ፊት ትከላከልልኛለች፤ ቤት ስትገባ ደግሞ ምሳ አቅርባልኝ ፊቴ ትቀመጥና፣ «እንዲያው መቼ ነው የምትጨርሺው?» ትለኛለች። ያኔ ምሳው አይዋጥልኝም።

አንድ ቀን የጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ወደ ጣሪያው አየች። ኮርኒስ የለም። ወደ ግድግዳው አየች። ልስን የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለችና፣ ሁሉም እየሰማ፣ «የእኔን ለቅሶ ግን እዚህ እንዳታደርጉት። ጅምር ቤት ውስጥ አታስለቅሱብኝ። ደጄ ላይ ድንኳን ትከሉልኝ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ? ግን አመመኝ። እማዬ ከታመመች ወዲህ ስለ ለቅሶዋ የምታወራው ስለ ገበያ እንደምታወራው ነው፤ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያንን ቤት ስነድፍ፣ አልዋሽም፣ አንድ ቀን እሷን የምሸኝበት ቦታ እንደሚሆን አስቤ ነበር። በሩ ሰፊ የሆነውም የእሷ ለቀስተኛ ብዙ እንደሚሆን ስለማውቅ ነው።

ለዚህ ነው ለሽልማቱ ያመለከትኩት። በአገር ደረጃ ለላቀ የሕንፃ ንድፍ የሚሰጥ ሽልማት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ለስሜ ይጠቅመኛል ብለው ነበር የገፋፉኝ። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። አገር «ይህ ቤት አልቋል፣ ያማረ ነው» ካለ፣ እናቴ ምን ትላለች? የሠፈሩ ሴቶችስ ምን ይላሉ? የታክሲ ረዳቱስ? ለመጨረሻው ዙር ካለፉት ሥራዎች አንዱ የእኔ አዳራሽ መሆኑ ሲነገረኝ ሮጬ ቤት ገባሁ።

«እማዬ፣ ዳኞች ሊመጡ ነው!»

እማዬ የምትለቅመውን ምስር ትታ ቀና አለች። «ዳኞች? ምነው ልጄ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምንም አላደረግሁም። አዳራሹን ሊያዩ ነው።»

«ከሰሱሽ?» አለችና ሰፌዱን አስቀመጠች። «ሳትጨርሺው በመቅረትሽ ነው? ጨርሺው ስልሽ እኮ አልሰማ አልሽ!»

ሽልማት መሆኑን ለማስረዳት ጥቂት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ገባት፤ ቢሆንም ለአንድ ሳምንት ያህል ስለ እኔ ስትጸልይ ሰማኋት፣ ጸሎቱም የሽልማት ሳይሆን የክስ ጸሎት ነበር።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ ደግሞ በግልጽ ቋንቋ ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንግዶች አዳራሹን ለማየት ይመጣሉ። እባክዎ ምንም አይነካ። ወለሉ ይጠረግ፣ በሮቹ ይከፈቱ፣ በቃ። እንዳለ ይዩት።»

«እንዳለ?» አሉኝ።

«እንዳለ» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ገባኝ ልጄ። በደንብ ገባኝ።» ምን እንደገባቸው መጠየቅ ነበረብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ አዳራሹ የለም። ማለቴ፣ ፊቱ የለም። የእድሩ ትልቁ ድንኳን በሮቹ ፊት ለፊት ተተክሎ፣ ገመዱ ከበሮቼ ጋር ታስሮ፣ ከመንገድ ሲታይ ሸራ ብቻ ነበር። ድንኳኑን እንዲያስቀር የሠራሁት ቤት ድንኳን ተተክሎበታል! እሱ አልበቃ ብሎ በጎን በኩል፣ ከሁሉ በላይ በምወደው ግድግዳ ሥር፣ የአሸዋ ክምር ፈስሷል። አሸዋው ላይ አካፋ ተሰክቷል። አጠገቡ የእጅ ጋሪ፣ የተሰባበረ ብሎኬት፣ ድንጋዩ ላይ የተደገፈ የእንጨት መሰላል። በዋዜማው አንዱም አልነበረም። አሸዋው ቤት ከሚሠራው ጎረቤታችን የመጣ መሆኑን በኋላ ሰማሁ።

ሊቀመንበሩ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ድንኳኑ በር ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንኳኑን ነው? እንግዳ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል እንዴ?»

«አሸዋው! መሰላሉ!»

ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ለእኔ ተይው። በመኪና መጥተው፣ ፎቶ አንስተው፣ ጽፈው የሚሄዱ ሰዎችን አውቃቸዋለሁ። ትምህርት ቤታችን ሳለሁ መማሪያ ክፍል ያሠሩልን እንዲህ መጥተው አይተው ነው። ያለቀ ነገር ካሳየሻቸው ማን ይረዳሻል? እንዳለ ይዩት ያልሺኝ ለዚህ አይደለም?»

ሽልማት ማለት እርዳታ መስሏቸዋል። እኔ የላቀ ሥራ ፈላጊ ብዬ የጠበቅኋቸውን እንግዶች፣ እድሩ የተቸገረ ሕንፃ የሚፈልጉ ሰዎች አድርጎ ነው የጠበቃቸው። አዳራሹን የበለጠ ጅምር ለማስመሰል አካፋ ይዘው ደክመዋል፤ ለእኔ ብለው ነው የደከሙት። ልጮህባቸው አስቤ አልቻልኩም፣ አካፋውን ነቅዬ ልጥለው ስል ስልኬ ጮኸ።

ዳኞቹ ናቸው፤ ጠፍተዋል። «የእድሩን አዳራሽ ብንጠይቅ የሚያውቅ ሰው አጣን፤ እዚህ አካባቢ አዳራሽ የለም አሉን» አለችኝ አንዷ።

ምን እንደምላት አውቃለሁ። ማለት ግን አልፈለግሁም። ዓይኔን ጨፈንኩና፣ «ጅምሩ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ» አልኳት።

«ምን?»

«ጅምሩ። እንደሱ ነው የሚሉት።»

ወዲያው ደረሱ። የጠየቁት የመጀመሪያ ሰው እጁን ዘርግቶ አሳያቸው።

ሦስት ነበሩ፦ ለረጅም ዘመን ያስተማሩ አንድ አዛውንት፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴትዮ፣ እና ካሜራ የያዘ ሰው። ሊቀመንበሩ ተቀብለው ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጧቸው፤ ጀርባቸውን ለአዳራሹ ሰጥተው። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ቤቱን ለማየት የመጡ ሰዎች ቤቱን ሳያዩ ሁለተኛ ዳቦ ተጨመረላቸው። እንነሳ ባሉ ቁጥር «በሞቴ፣ ሳትቀምሱ!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም።

ከዚያ ንግግር ተደረገ። ሊቀመንበሩ እንግዶቹን አመሰገኑ፣ የእድሩን ታሪክ ተናገሩ፣ ከዚያም እጃቸውን አጣምረው፣ «ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እንደምታዩት ገና አላለቀም። ልስን ይቀረዋል፣ ኮርኒስ ይቀረዋል። ልጃችን የምትችለውን ያህል ሠርታለች» አሉ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ። የካሜራው ሰውዬ አጎንብሶ የሆነ ነገር ጻፈ። ያችን ብዕር ነጥቄ ብሰብራት እወድ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ውስጥ ገባን። ሰዓቱ ጥሩ ነበር፤ ብርሃኑ በጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት ገብቶ ግድግዳው ላይ እየወረደ ነበር። አዛውንቱ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ቆዩ። ሴትዮዋ ወደ ጣሪያው ቀና እንዳለች በዝግታ ተራመደች። ለትንሽ ጊዜ አሸዋውንም መሰላሉንም ረሳሁ። ከዚያ ሴትዮዋ እናቴን አየቻት። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ የግድግዳው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ ያለ እሷ ሽልማቱ የሚሳካ አልመሰላትም።

«እማማ፣ ይሄን ቤት ይወዱታል?» አለቻት።

«ልጄ ናት የሠራችው» አለች እማዬ፣ በኩራት። «ጎበዝ ናት። ዕድሜ ከሰጠኝ ጨርሳው አያለሁ።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ወለሉ ዞርኩ።

ወደ መኪናቸው ስሸኛቸው አዛውንቱ የአሸዋው ክምር ጋ ቆም አሉ። «ግንባታው አላለቀም እንዴ? ይሄ አሸዋ ለምንድን ነው?»

«የእንግዳ አቀባበል ነው» አልኳቸው። አንድ አፍታ አዩኝ፣ ከዚያ ሳቁ፤ መኪናው ውስጥ ከገቡም በኋላ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጨርሶ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ግን ተሸለምኩ። ሥነ ሥርዓቱ መሐል ከተማ ባለ ሆቴል ነበር። እማዬን የክት ልብሷን አልብሼ ወሰድኳት። መድረኩ ላይ የወጣው ሰው ስለ አዳራሹ ሲናገር፣ ምንም ሳይለሰንና ሳይሸፈን በተፈጥሮው ስለተተወው ድንጋይ፣ ስለተገለጠው ጣሪያ አሞካሸ። አንድም ቃል እንዳታመልጣት እጇን ይዤ እየጨመቅሁ፣ «ሰማሽ? ሰማሽ?» እላት ነበር። እሷም «ሰማሁ፣ ሰማሁ» አለች፣ አጨበጨበች፣ እንባዋም መጣ። በቃ፣ አለቀ፣ አልኩ በልቤ።

መኪና ውስጥ ገብተን ጥቂት እንደሄድን ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። «እሰይ ልጄ። እንግዲህ ተሸለምሽ፤ አሁን እንኳ ጨርሺው።»

እስከ ቀራንዮ ድረስ በመስኮቱ የተለሰኑትን ቤቶች እየቆጠርኩ ሄድኩ። ብናገር ኖሮ እናቴን የማልናገረውን እናገራት ነበር።

ሽልማቱ ሕንፃው ላይ የሚሰቀል የነሐስ ሰሌዳ ነበር። ለሊቀመንበሩ ሰጠኋቸው፤ ሊሰቅሉት ቃል ገቡ። እኔ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ወጣሁ። ከቀናት በኋላ ተመልሼ በታክሲ ስመጣ፣ አንዱ ሰውዬ «ጅምሩ ጋ ወራጅ!» አለ። ነሐሱም ምንም አልለወጠም። ተናድጄ ወረድኩና ወደ ውስጥ ገባሁ።

ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ፣ ዳኛው መዳፋቸውን ያሳረፉበት ግድግዳ፣ መሐሉ ላይ ነጭ ሆኗል። የትልቅ መስኮት ስፋት ያለው ቦታ ለካ በጥንቃቄ ተለስኗል! ተስተካክሎ፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ዙሪያውን በወርቃማ ቀለም ተከቧል። መሐሉ ላይ ሰሌዳው ተሰቅሏል። ባልተለሰነው ድንጋይ የተገኘው ሽልማት ድንጋዩን አስለስኖ ተሰቀለ።

ሊቀመንበሩን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ደስ ብሏቸዋል። «አየሽው? ድንጋዩ ሚስማር እምቢ አለን። ደግሞስ ይሄን የሚያህል ሽልማት ባልተለሰነ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል? ነውር አይሆንም?»

በዚያን ጊዜ ጮህኩባቸው። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ መንገድ ላይ ቆሜ ጮህኩ። «ሽልማቱ እኮ የተሰጠው ባለመለሰኑ ነው! ባለመለሰኑ!» አልኳቸው። እንደ ልማዳቸው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «ደክሞሻል ልጄ፣ መንገድ ነው» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ ቤት ሄጄ መዶሻና መሮ ይዤ ተመለስኩ። ልስኑን ድንጋዩ እስኪታይ ልፈቅፍቀው ነው። ማንንም አላስፈቅድም።

አዳራሹ ውስጥ እማዬ ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ገብታ ኖሯል፤ ነጩ ልስን ፊት ለፊት ቆማ በመዳፏ ታሻሸዋለች። የእግሬን ድምፅ ሰምታ ዞረች።

«ለስላሳ ነው» አለችኝ። «አየሽ እንዴት እንደሚያምር?»

«እማዬ…»

«ጠረጴዛዋን እዚህ ሥር ነው የሚያደርጓት» አለች። የቱን ጠረጴዛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በለቅሶ ጊዜ የሟች ፎቶ የሚቀመጥባትን ነው። «ፎቶዬ እዚህ፣ ከነጩ በታች ይሆናል። ያንን በመነጽር የተነሳሁትን አይደለም፣ የአንቺ ምርቃት ቀን የተነሳሁትን አድርጉት።»

«ደጄ ላይ ድንኳን ትከሉልኝ ብለሽ አልነበር?»

«ድንኳን ምን ያደርጋል? ክረምት ቢሆንስ? እዚህ ዝናብ አይገባ፣ ንፋስ አይገባ፣ በሩ ሰፊ ነው፤ ሰው አይጋፋም።» ቀና ብላ ቤቱን ዙሪያውን አየችው። ደግሞ ወደ ነጩ ተመለሰች። «ሌላውን እስክትጨርሺው ለእኔ ይቺ ትበቃኛለች።»

ቆምኩ። ያኔ ነው እጄን ያየችው። «መዶሻ ለምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ሰሌዳው ተንጋዷል አሉኝ፣ ላቃናው ነው» አልኳት።

ራሷን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘንብላ አየችው። «አልተንጋደደም» አለች።

ቢሆንም ወንበር ላይ ወጥቼ ሚስማሩን አንድ ሁለቴ መታሁት።